የታጠፈው ቧንቧና የመለኪያው ክንድ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለኮንኮርድ አውሮፕላን የኦሊምፐስ ሞተር ሲዘጋጅ፣ ቀጫጭን የነዳጅ ቧንቧዎቹን በትክክል መለካት አስቸጋሪ ሆነ። ያልገጠመ ቧንቧ በግድ ቢታሰር ውጥረቱ ስንጥቅ ያመጣል፤ በጋለ ሞተር አጠገብ የሚፈስ ነዳጅ ደግሞ እሳት ነው። የዘመኑ መዳሰሻ ግትር ስለ ነበረ፣ የሚለካውን ቧንቧ እየገፋ ልኩን ያዛባ ነበር። የሮልስ ሮይስ መሐንዲስ ዴቪድ ማክመርትሪ፣ እንደ ነካ ምልክት ሰጥቶ የሚያፈገፍግና ወደ ስፍራው በትክክል የሚመለስ መዳሰሻ ፈለሰፈ።

በዚያው ዐሥር ዓመት አሜሪካዊው ሆመር ኢተን የታጠፉ ቧንቧዎችን ለመለካት እንደ ሰው ክንድ የሚተጣጠፍ መሣሪያ ሠራ። የሚያስገርመው፣ ሁለቱንም ለፈጠራ ያነሣሣቸው ቧንቧ መሆኑ ነው። ክንዱ የየመጋጠሚያውን ማዕዘን አንብቦ የጫፉን ስፍራ በስሌት ያገኛል፤ ስለዚህ ዕቃው ወደ መለኪያ ቤት መሄዱ ቀርቶ መለኪያው ወደ ዕቃው ሄደ። ሆኖም ከጫፉ 1 ሜትር በራቀ መጋጠሚያ ላይ የ1 ማዕዘናዊ ሰከንድ ስሕተት ጫፉን 5 ማይክሮን ያህል ያዛንፈዋል፤ የመጋጠሚያዎቹም ስሕተት ይደራረባል።

ኋላም በክንዱ ላይ የሌዘር ስካነር ሲታከል፣ የዕቃው ገጽ ሳይነካ በብዙ ሺህ ነጥቦች ይቀረጽ ጀመር። የሚያብለጨልጭ ብረት ግን ጨረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ ስካነሩን ያሳስተዋል፤ ጥብቅ ልክ የሚጠይቅ ቀዳዳም ብዙውን ጊዜ ዛሬም በመዳሰሻ ይለካል።