ከጣት ጫፍ የተወሰደ ደም ምን ይመሰክራል? የወባ ፈጣን ምርመራ ታሪክ ከቡታጅራ አንጻር



ዛሬ የምናገረው ከጣት ጫፍ በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም ወባን በሃያ ደቂቃ ገደማ ስለሚለየው ምርመራ ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው፤ መመርመሪያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ምን ይጠየቅ የሚለውን ግን የአካባቢው ዕውቀት ሊወስን ይገባል።

አባቶቻችን «ንዳድ» የሚሉትን በሽታ ከቆላ ጋር አያይዘው ያውቁት ነበር። የግቤን ሸለቆ ለሚያውቅ የወልቂጤ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ይሁን እንጂ የ1958ቱ ታላቅ ወረርሽኝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ተዛመተ። በጊዜው ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህሉ ሞተዋል። ቡታጅራ የምትገኘው በዚሁ የከፍታ ዳርቻ ላይ ነው።

አልፎንስ ላቬራን የወባን ተውሳክ በ1880 በአልጄሪያ ካየ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዳኛው ማይክሮስኮፕ ነበር። ማይክሮስኮፕ ግን ማቅለሚያና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት የገጠር ቀበሌ ትኩሳት ያለበት ሁሉ የወባ ታማሚ ተብሎ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ክሎሮኪን ርካሽና ፍቱን ሳለ ይህ አሠራር አስኬደ። ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ መድኃኒቱን ሲላመድ ግን በ1998 ወደ ሌላ፣ በ2004 ደግሞ ዋጋው ውድ ወደሆነው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ተሸጋገርን። ውድ መድኃኒት በግምት አይታደልም። ፈጣኑ መመርመሪያ ወደ አገራችን በስፋት የገባው በዚህ አስገዳጅነት ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በስስ ወረቀት መሰል ሰሌዳ ላይ ፀረ እንግዳ አካላት ተሰምረዋል፤ ደሙ በፈሳሽ ታጥቦ ሲያልፍ የተውሳኩን ፕሮቲን ከያዘ ቀይ መስመር ይወጣል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ይህን መሣሪያ በጤና ኬላ ለተመደቡት ሴት ሠራተኞች አስረከበ። ቀድሞ የላቦራቶሪ የነበረው ፍርድ ወደ መንደር ወረደ።

ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጤና ኬላ የታደለው ኪት የሚፈልገው ኤች አር ፒ 2 የተባለውን፣ ፋልሲፓረም ብቻ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነበር። ወደ ቡታጅራ እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ የገጠር ጤና ፕሮጀክት መሥርቶ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ የጀመረው በዚህ ምድር ነው። ከ2008 እስከ 2010 ደግሞ ዶክተር አዱኛ ወየሳና ባልደረቦቻቸው በአካባቢው ስድስት ቀበሌዎች የሕዝቡን ደም መረመሩ። ወባ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ ያህሉ ናቸው፤ ከእነዚህም ከአምስቱ ከአራት የሚበልጡት የያዛቸው ቫይቫክስ ነው። ፋልሲፓረምን ብቻ የሚጠይቅ ኪት አብዛኞቹን «ነጻ ናችሁ» ብሎ ያሰናብታቸው ነበር። የሁለቱ ሕክምናም አንድ አይደለም፤ ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ሁለቱንም የሚለዩ ኪቶች የተተኩት ስለዚህ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2021 ዶክተር ስንደው መካሻና ባልደረቦቻቸው ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ የኤች አር ፒ 2ን ዘረ መል የጣለ ፋልሲፓረም መኖሩን አረጋገጠ። ይህን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልገው ምርመራ ከመቶ አሥር ገደማ የፋልሲፓረም ታማሚዎችን እንደሚስትም ገመተ። በምርመራ እየተለዩ ከሚታከሙት ተውሳኮች መካከል ያልታየው ተረፈ፤ ተባዛም።

እንግዲህ ለእናንተ ለወጣት መሐንዲሶችና ሐኪሞች የምለው ይህ ነው። የምትሠሩት ኪት ፍጥነቱ ብቻ አያኩራራችሁ። በሰሌዳው ላይ መስመር ያልወጣለት ልጅ ትኩሳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቡታጅራ መዝጋቢዎች በየደጁ የቆጠሩትን ሳታነቡ ምርመራ አትንደፉ፤ ያገለገለውንም ኪት ደግማችሁ መርምሩት።