ስለ ባሕር በር ስናወራ የረሳናቸው መኮንኖች

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከወጣቶች ጋር ስለ አገር ጉዳይ በተጨዋወትኩ ቁጥር፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ባሕር በር ላይ ነው። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ፣ «ዶክተር፣ ወደቡ ይገኝ እንጂ የጦር መርከብ መግዛት እኮ የገንዘብ ጉዳይ ነው» አለኝ። መልሱን ከታሪክ ፈልጌ እንደማመጣለት ቃል ገባሁለት፤ እነሆ።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመኮንኖች ኮሌጁ ተከፈተ፤ ኃይሉን በማደራጀትና በማሠልጠን ረገድ የኖርዌይ መኮንኖች ድርሻ ነበራቸው። የኮሌጁ ትምህርት 52 ወራት ይፈጅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» ተብላ ያገለገለችው፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ «ኢትዮጵያ» ተሰኝታ ትልቋ መርከባችንና የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች።

የጀማሪ መኮንን ሕይወት ነጭ የደንብ ልብስና ሰልፍ ብቻ አይደለም። በየትኛውም የጦር መርከብ እንደሚደረገው፣ በውድቅት ሌሊት ተነሥቶ ተረኝነቱን ይረከባል፤ መርከቧ ያለችበትን ስፍራ በካርታ ላይ ያሰላል፤ በዕድሜ የሚበልጠውን የበታች ሹም ሳያዋርድ ማዘዝን ይማራል። ይህ ሁሉ ብረቱ በሚግልበት በቀይ ባሕር ሐሩር ነው። ሲሳሳት ከጎኑ ቆሞ የሚያርመው፣ ከእርሱ ቀድሞ የተሳሳተና የታረመ ታላቅ መኮንን አለ። ባሕር ኃይል ማለት እንግዲህ ይህ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ ሰንሰለት ነው።

ለጉራጌ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። እንሰት ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለቆጮ የሚደርሰውም ከዓመታት በኋላ ነው። ጓሮውን በአንድ ሌሊት ያወደመ ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ በማግሥቱ የደረሰ እንሰት አያገኝም።

እኛ ጓሮውን ያወደምነው ደጋግመን ነው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች የጎረቤት ወደቦች ሸሹ። «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጠች። ስለ መርከቧ የሚቆጭ አይጠፋም። በላይዋ ላይ ዓመታት ፈጅተው የተማሩት ሰዎች ግን የቀድሞው ሠራዊት በጅምላ ሲበተን አብረው ተበተኑ፤ ከመካከላቸው ስንቱ ዕውቀቱን ለማንም ሳያወርስ በስደት አረጀ?

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እንደሚያቋቁም አስታወቀ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም.ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ወደብ እንዴት ይገኛል የሚለው የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። ዛሬ ለተማሪዬ የምመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ የሰንሰለቱ መበጠስ ግን በገንዘብ አይጠገንም። በሕይወት ያሉትን አረጋውያን መኮንኖች ፈልጎ «አስተምሩን» ለማለት ደግሞ ወደብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚጠፋው ጊዜ የእነርሱ ዕድሜ ነውና።

ቸር ይግጠመን።