የሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ዜና

በእግዚአብሔር ስም፣ የሊቀ መኳስ አበበን ልጅ የሌተና ጄኔራል አቢይን ዜና እንጽፋለን።

ዜናውን ጃንሆይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው ከተመለሱበት ዓመት እንጀምራለን። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ቀን የእንግሊዝ ጦር ጋላባትን ከጠላት ከኢጣሊያ አስለቀቀ፤ መተማ ግን ያን ጊዜ አልተያዘችም። ጥር 12 ቀን ጃንሆይ ከሱዳን ገብተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። በዚያው ወር ማብቂያ ጠላት መተማን በሌሊት ለቆ በጎንደር መንገድ ሸሸ። አፄ ዮሐንስ በ1881 የወደቁባት ቆላ እንዲህ ነጻ ወጣች፤ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን።

በሚያዝያ 1934 ጃንሆይ ልጃቸውን ልዕልት ፀሐይን ለአቢይ ዳሩላቸው። ልዕልቲቱ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ስንቱን ሕፃን ያስታመመች ነበረች፤ በነሐሴ 11 በነቀምት በወሊድ ዐረፈች። አምስት ወር እንኳ አልሞላም።

ከዚያ የጦር ሚኒስትርነት፣ የፓሪስ አምባሳደርነት፣ ሌላም ሹመት ተከተለ።

በታኅሣሥ 1953 ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ የክብር ዘበኛውን አስነሥተው ከተማውን ያዙ። ሚኒስትሮቹ ታገቱ። አልጋ ወራሹ በራዲዮ ያነበቡትን አንጽፍም። አቢይ በአሥመራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበሩና አሥመራ አልተናወጠችም፤ ጃንሆይ በካርቱም በኩል ሲመጡ አውሮፕላን ማረፊያው በታማኝ እጅ ቆያቸው። በጭንቅ ቀን ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲገቡ ይህ ሁለተኛቸው ነው፤ በፊተኛው የቆላውን በረሃ አቋርጠው፣ በኋለኛው በአየር። ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ያን ቀን አሥመራ ብታመነታ ኖሮ ይህ ዜና ባልተጻፈ።

በኅዳር 5 ቀን 1955 የኤርትራ ፌዴሬሽን አበቃ፤ ነገሩን ሌላ ይጻፈው።

አቢይ ከአሥመራ ሲመለሱ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ተደረጉ፤ አሥር ዓመት ያህልም ቆዩ። በዚያ የሚቀመጡትን መኳንንትና አርበኞች ጃንሆይ ለስድስት ዓመት ይሾሟቸው ነበር፤ ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያውን ብቻ ነበር። በጦር ሜዳ የታዘዘ ይፈጸማል፤ በምክር ቤት ግን ባለርስቱ ሁሉ አንደበት ነበረው። የጭሰኛና የባለርስት ረቂቅ ሕግ ደጋግሞ ቀረበ፤ ሳይጸድቅም ቀረ። ጭሰኛው መጠበቅ ለምዷል አሉ።

በ1966 አገር ሲናወጥ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ባቋቋሙት ካቢኔ አቢይ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ብዙም አልቆዩም፤ ደርግ አሰራቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 በሌሊት ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ።