«መርፌው አባሰበት!»፦ የግርሻ ሕክምናና የነርስ ዓይን

እስቲ ክረምት ላይ ቢቸና ወይም ሞጣ ተረኛ ነርስ ናችሁ እንበል። አንድ የቆሎ ተማሪ በትኩሳት ተቃጥሎ መጣ። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግርሻ ነው። ፔኒሲሊን ተወጋ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ልጁ ባሰበት፤ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። አስታማሚው «መርፌው ሊገድለው ነው!» ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

የግርሻ ባክቴሪያ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ስናክ ቅማሉ ይፈርጣል፤ ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። እንደ ጮቄ ዙሪያ ባሉ ብርዳም ደጋዎች፣ ሰው ደራርቦ ለብሶ ተጠጋግቶ ሲያድር በሽታው ይመቸዋል። ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። ታዲያ ልጁ ለምን ባሰበት?

ኦስትሪያዊው ያሪሽ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ጀርመናዊው ሄርክስሃይመር ደግሞ በ1902 የቂጥኝ ሕሙማን መድኃኒት ሲጀምሩ ለጊዜው እንደሚብስባቸው ጽፈው ነበር። በግርሻም ያው ነው። ጀርሞቹ በአንዴ ሲረግፉ ሰውነት ብዙ ኃይለኛ ኬሚካል ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ከእነዚህ አንዱን ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት ሞክሯል። መድኃኒቱን ካላገኙት 29 ሕሙማን 26ቱ፣ ካገኙት 20 ደግሞ 10ሩ ብሷቸዋል። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ሰው ያስፈልጋል።

ግን ምን ዓይነት ሰው? እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ማሽን ላይ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ የሚጮኽ ደወል መግጠም ቀላል ነው። ደወሉ ግን 40 ዲግሪ ከመርፌው በፊትና በኋላ አንድ እንዳልሆነ አያውቅም። ነርሷ ታውቃለች። የፔኒሲሊን አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በሽፍታ፣ በእብጠት ወይም በሚያፏጭ ትንፋሽ ይመጣል፤ ይሄ ግን ዘግይቶ በብርድ ብርድ ማለት ጀመረ።

ይህን የሚለይ ባለሙያ ገጠር ድረስ እንዲደርስ ብዙ ተሠርቷል። ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እንደ አንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወጡ። ሐኪም በሌለበት አይቶ መወሰን የእነሱ ሥራ ሆነ።

ወደ ልጁ እንመለስ። መንዘፍዘፉ አልፎ ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱም መውረድ ጀመረ። አስታማሚው «ተመስገን፣ ዳነ!» አለ። ልጁም «ውጭ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሊነሳ ነው። ዋናው አደጋ እኮ እዚህ ጋ ነው! አሁን የደም ግፊቱ ወርዷል፤ ልቡም ደክሟል። ብድግ ቢል ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ነርሷ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከአልጋ አታስነሳውም፤ ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና ትንፋሹን እየደጋገመች ትለካለች። ፖፖውንም እዚያው አልጋው ድረስ ታመጣለታለች።