ለምጽ ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ ቃል ጉዞ ከእስክንድርያ እስከ አዲስ አበባ

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት በውጭ አገር የምንኖር ጸሐፊዎች አብዝተን እንወደዋለን። በፖለቲካ ጽሑፎቻችን ውስጥ «እውነቱን በስሙ እንጥራው» ለማለት ሲፈለግ በመጀመሪያ የሚመዘዘው እሱ ነው። ይሁን እንጂ በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው እንዳለ ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። ከገበታ እንዳይቀርብ የተከለከለ፣ እጁ ከወጡ እንዳይገባ በስድብ የሚገፋ ሰው። የሚገርመው ደግሞ ነገርን በስሙ ስለመጥራት የሚያስተምረው ይህ ተረት የተመሠረተው ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል በትክክለኛ ስሙ ሳይጠራ በኖረ በሽታ ላይ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ስም ታሪክ ባጭሩ ማሳየትና ዛሬም በእኛ መካከል የሚያደርሰውን ጉዳት ማመልከት ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሐኪምም የቋንቋ ሊቅም አይደለሁም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሙያ የተሳሳተ ስያሜ ምን እንደሚያስከትል ግን ጠንቅቀን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር የጠፋችው ብረቷ ተሰብሮ ወይም ነዳጇ አልቆ አልነበረም። አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ ያሰላውን ቁጥር ሌላው ቡድን በሜትሪክ መለኪያ እንደተሰላ አድርጎ ስለተቀበለው ነው። ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምን እንደሚለካ የሚናገረው ስም አብሮት አልሄደም። በትርጉም ሥራም የሚሆነው ይኸው ነው። ቃሉ ድንበር ይሻገራል፤ ትርጉሙ ግን ወዲያ ማዶ ይቀራል።

የለምጽ ታሪክ የሚጀምረው ከኦሪት ነው። በዕብራይስጡ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 ላይ የተጠቀሰው ቃል «ጻራዐት» ይባላል። ሁለቱን ምዕራፎች ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ጻራዐት የሚወጣው በሰው ቆዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሱፍና በተልባ እግር ልብስ፣ በቆዳ ዕቃ፣ በቤት ግድግዳ ላይም ይወጣል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ይታያል ይላል። ይህን ለመሐንዲስ ብታሳዩት ሻጋታ ነው ይላችኋል። ከዚህም ሌላ ሰውየው ከራስ እስከ እግሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ካህኑ «ንጹሕ ነው» ይለዋል። እንግዲህ ጻራዐት የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን ከመንጻት ሥርዓት ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ዓይነት የገጽታ መለወጥን በአንድነት የሚያቅፍ ቃል ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው በሽታ ከጨርቅ ላይ ወይም ከግድግዳ ላይ አይወጣም፤ የሰውን ገላ እንደ በረዶም አያነጣም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ሊቃውንት ኦሪትን ወደ ግሪክኛ ሲመልሱ ለጻራዐት «ሌፕራ» የሚለውን ቃል መረጡ። ምርጫቸው በጊዜው የሚያስነቅፍ አልነበረም። በነሂፖክራጥስ ሕክምና ሌፕራ ማለት ቆዳው የሚቀረፈፍ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላጥ የቆዳ ሕመም ነበር፤ ቃሉም የመጣው «ቅርፊት» ከሚለው ነው። ጣትን የሚያኮማትረውን፣ ፊትን የሚያሳብጠውን ከባድ በሽታ ግሪኮችና ሮማውያን ያወቁት ዘግይተው ሲሆን፣ ሲያውቁትም ሌፕራ አላሉትም። «ኤሌፋንቲያሲስ» ማለትም የዝሆን በሽታ ብለው ጠሩት።

ቀጥሎ ዐረቦች መጡ። የዐረብ ሐኪሞች ሁለቱን በሚገባ ለይተው ያውቁ ነበር። የሚያቆረፍደውንና አካል የሚያጎድለውን «ጁዛም»፣ ቆዳን ብቻ የሚያነጣውን «በረስ» ይሉ ነበር። የእግርን ማበጥ ደግሞ «ዳእ አል-ፊል» ማለትም የዝሆን በሽታ ብለው በሦስተኛ ስም ለዩት። በ11ኛው መቶ ዓመት ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ ተብሎ የሚታወቀው የሰሜን አፍሪካ ተወላጅ በኢጣሊያ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሆኖ የዐረብ የሕክምና መጻሕፍትን ወደ ላቲን ሲመልስ ችግር ገጠመው። «የዝሆን በሽታ» የሚለው ስም በዐረብኛው ለእግር እብጠት ተይዟል። ስለዚህ ጁዛምን «ሌፕራ» አለው። በዚህች ምርጫ የሌዋውያን ሕግ ሁሉ፣ ከሰፈር ውጭ መቀመጡም፣ «ርኩስ ነኝ» ብሎ መጮሁም፣ በአንድ ባክቴሪያ በተያዘ ሰው ትከሻ ላይ ተጫነ። አውሮፓ ቀድሞም ቢሆን ታማሚዎቹን ታርቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሐኪሙም ካህኑም በአንድ ቃል መናገር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1179 የተደረገው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና የራሳቸው መቃብር እንዲኖራቸው ሲወስን ለበጎ አስቦ ይሆናል። ውጤቱ ግን ከሌላው ምእመን በቁምም በሞትም መለየት ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። በአክሱም ዘመን መጻሕፍት ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲተረጎሙ ለሌፕራ የተሰጠው ቃል «ለምጽ» ነው። ንዕማን ሶርያዊ፣ የሙሴ እህት ማርያም፣ በወንጌል የተፈወሱት አሥሩ ሰዎች ሁሉ በለምጽ ተጠሩ። አማርኛውም ይህንኑ ወረሰ። ነገር ግን ሕዝቡ በዕለት ኑሮው ቃሉን ወደ ሌላ ወሰደው። ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ለምጽ አለበት» ሲል በአብዛኛው የሚናገረው ቆዳው በቦታ በቦታው ነጭ ስለሆነ ሰው ነው። ይህም ዐረቦቹ በረስ ያሉት፣ ዘመናዊው ሕክምና ቪቲሊጎ የሚለው ነው። ጣት ለሚያሳጣው በሽታ «ቁምጥና» የሚል የራሱ ቃል ነበረን። ማለትም ተራው ሕዝብ፣ ገበሬውና እረኛው፣ ሁለቱን በሽታዎች ለይቷቸው ነበር። ቅዳሴውና ስብከቱ ግን አንድ አድርገው ያዟቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ቪቲሊጎ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ስቶ የቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አካልም አያጎድልም። በዓለም ላይ ከ0.5 እስከ 2 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ አለበት ተብሎ ይገመታል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው እኛ ዘንድ የበለጠ የሚያስደነግጠው። ሥጋ ደዌ ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በበርገን ከተማ ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ ከቆዳው ይልቅ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው። ጣት «የሚቆረጠው» በሽታው ስለሚበላው አይደለም። ነርቩ ሲሞት ሰውየው እሳቱን፣ እሾሁን፣ ቁስሉን አይሰማውም። ሳይታወቀው እየተቃጠለና እየቆሰለ አጥንቱ ይጎዳል። መለያውም እዚያው ላይ ነው። በቪቲሊጎ ነጭ የሆነው ቆዳ እንደ ወተት ይነጣል፣ ሲነኩት ግን ይሰማዋል። በሥጋ ደዌ የደበዘዘው ቆዳ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይነጣም፣ ስሜቱ ግን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ሥጋ ደዌ ራሱ በቀላሉ የማይተላለፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባወጣው የሦስት መድኃኒቶች ቅንጅት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ የሚድን ነው።

«ታዲያ የቃል ጉዳይ ምን ያህል ያሳስባል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እዚህ በምንኖርበት ከተማ ወደ ሐኪም ሲሄዱ አጅቤያቸው ነበር። በቤተሰብዎ ምን ምን በሽታ ነበር ተብለው ሲጠየቁ «ታናሽ እህቴ ለምጽ ነበረባት» አሉ። በስልክ ያለው አስተርጓሚ መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው «ሌፕረሲ» ብሎ ተረጎመው። የነርሷ ፊት ተለወጠ፤ ዶክተሩም ጥያቄውን አቁሞ ሌላ ሰው ጠራ። ነገሩን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እትዬ ግን ምን እንደተፈጠረ የገባቸው ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ነበር። «እህቴን ቆማጣ አሏት?» ብለው አለቀሱ። አስተርጓሚው አልዋሸም፤ መዝገበ ቃላቱም ከግዕዙ አንጻር አልተሳሳተም። የተሳሳተው ለሁለት ነገር የተለጠፈው አንዱ ስም ነው። ወደ አሜሪካ በቋሚነት ለመግባት በሚደረገው የጤና ምርመራ በስም ከተዘረዘሩት ጥቂት ተላላፊ በሽታዎች አንዱ ያልታከመ የሀንሰን በሽታ መሆኑን ስናስብ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ ይገባናል።

በአገራችንም ቃሉ በሕግ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው የትዳር ጓደኛው ይህ በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ ቢያገባ ጋብቻው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችል ዘንድ በሽታውን በስም ጠቅሶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ስም አውጥቶ በምትኩ ስለማይድን ወይም ወደ ዘር ስለሚተላለፍ በሽታ በጥቅሉ ተናገረ። ሕንድ ሥጋ ደዌን ከፍቺ ምክንያቶች ዝርዝር የሰረዘችው እ.ኤ.አ. በ2019 መሆኑን ስናይ በዚህ ረገድ አገራችን ቀድማለች ለማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሕሙማን መንደር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁመዋል። ከመላ አፍሪካ የመጡ ሐኪሞች ይህን በሽታ ማከም የተማሩት እዚያ ነው። ዘነበወርቅ የሚለው የሰፈር ስም ግን ለብዙ ዓመታት ከስድብ ተቆጠረ። ሳይንሱ እያለ ስሙ ሳይጸዳ ቀረ።

ትክክለኛ ስም ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ከዚያው ከአገራችን አለን። «ዝሆኔ» የምንለውን የእግር እብጠት ሌላው ዓለም በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ እኛ ደግሞ እርግማን ወይም የዘር ጣጣ ነው እንል ነበር። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ባደረገው ጥናት በደጋው ያለው ዝሆኔ ከትል ጋር ግንኙነት እንደሌለው፣ በባዶ እግር ከሚረገጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር እንደሚመጣ አሳየ። ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የሚሉ ቃላትን አጋጥሞም «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ራሱ መድኃኒቱን ይናገራል፤ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና። አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ኢትዮጵያውያን ይህ ሕመም እንዳለባቸው ለተገመተበት አገር ይህ ስያሜ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

«ስም ቢለወጥ ልብ ካልተለወጠ ምን ዋጋ አለው? ሥጋ ደዌ የሚለውም ነገ ስድብ ይሆናል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በሃቫና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ታማሚውን በበሽታው መጥራት እንዲቀር ጠይቋል፤ ብራዚልም በ1995 ባወጣችው ሕግ «ሌፕራ» የሚለውን ቃል ከመንግሥት ሰነዶች አውጥታ በሀንሰን ስም ተክታለች። መገለሉ በዚያ ብቻ አልጠፋም። እኔ የምለው ግን ስለ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ቱቦዎች አንድ ምልክት ከተለጠፈባቸው ከሁለቱ አንዱን በስሕተት የሚከፍት ሠራተኛ አይጠፋም። ምልክቱን መለየት ለሠራተኛው ማዘን ሳይሆን አደጋን መከላከል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየሆስፒታሉና በየፍርድ ቤቱ የምታስተረጉሙ ወገኖች «ለምጽ» ሲባል ወዲያው «ሌፕረሲ» ከማለታችሁ በፊት «ቀለም ብቻ ነው የጠፋው ወይስ ስሜትም?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ምሁራን ለምጽን ለቪቲሊጎ፣ ሥጋ ደዌን ለሀንሰን በሽታ ለይታችሁ ጻፉ፤ የመጻሕፍቱን ትርጉም በታሪክነቱ ለብቻው አስቀምጡት። ሦስተኛ፣ ካህናትና ሰባክያን ስለ ንዕማን ስታስተምሩ በጉባኤው መካከል እጇን በነጠላዋ ሸፍና የተቀመጠች ልጅ ልትኖር እንደምትችል አስቡ፤ የእርሷ ሕመም ከኦሪቱ ሕግ ጋር እንደማይገናኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩላት።

ተረቱን በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ለጸሐፊዎቹ የምለው አለኝ። እውነትን በስሟ መጥራት ከፈለግን አማርኛ ለዚያ የሚሆን ሌላ አባባል አያጣም። ያ ሰው ታክሞ ከዳነ ቆይቷልና ገብቶ ይፈትፍት።

ቸር ይግጠመን።