«እብድ» ብለው ስም ያወጡለት መንሸራተቻ

በአሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የነበረ አንድ የውሃ መንሸራተቻ «ፌሩክት» ይባል ነበር። ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ «እብድ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ተቺዎች እንዳይመስሏችሁ፣ ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። ማስታወቂያውም እሱው ነበር።

ቁመቱ 51 ሜትር ነው፤ 17 ፎቅ ሕንፃ በሉት። ጫፉ ላይ ለመድረስ 264 ደረጃ በእግር ይወጣል። ከዚያ ሦስት ሰዎች አንድ የጎማ ጀልባ ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ይቀመጡና ቁልቁል ይለቀቃሉ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጉዞው አያልቅም፤ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሁለተኛ ጉብታ ይጠብቃቸዋል። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ ጉብታ ላይ ነው።

የሠሩት ሰዎች ለውሃ መዝናኛ አዲስ አልነበሩም። የሄንሪ ቤተሰብ ሽሊተርባን የተባለውን ፓርክ ቴክሳስ ውስጥ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጄፍ ሄንሪ ሰውን በውሃ ግፊት ሽቅብ የሚያወጣ መንሸራተቻ በማምጣት በሙያው የታወቀ ሰው ነበር። እሱም ሆነ አብሮት ንድፉን ያወጣው ጆን ስኩሊ ግን የምህንድስና ዲግሪ የላቸውም። እኔ ዲግሪው አለኝ፤ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም እንደማያድን አውቃለሁ። ሒሳቡ ግን ያድናል።

እስቲ እንሞክረው። ከ51 ሜትር ወርዳችሁ 15 ሜትር ላይ ስትደርሱ 36 ሜትር ከፍታ ወደ ፍጥነት ተቀይሯል። ሰበቃን ከረሳነው በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። በዚህ ፍጥነት ጉብታ ላይ ሳይነሱ ለማለፍ የጉብታው አናት የ70 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ያህል ዝርግ መሆን አለበት። ከዚያ ከሾለ ጀልባው መሬቱን ይለቃል፣ በቃ ይበራል። በእርግጥ ሰበቃና አየር ፍጥነቱን ይቀንሱታል፤ ግን ምን ያህል? ትምህርት ቤት እንደተማርነው ከሆነ ክብደት ከቀመሩ ውስጥ ተሰርዞ ይወጣል። አየርና ውሃ ሲገቡ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ከባዱን ጀልባ ማዘግየት ይከብዳቸዋል። ለዚህ ነው የሦስቱ ሰዎች ድምር ከ181 እስከ 250 ኪሎ ይሁን የተባለው።

ጊነስ «የዓለም ረጅሙ» ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014፣ ገና ለሕዝብ ሳይከፈት ነው። ሰዉ በጉጉት ሲጠብቅ መክፈቻው ደጋግሞ ተራዘመ። ምክንያቱም በሙከራ ጊዜ የአሸዋ ከረጢት የጫኑ ጀልባዎች ጉብታው ላይ ተነሥተው በረሩ። የመንሸራተቻው አንድ ክፍል ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ቪዲዮውን ያየ ሰው መፍራት ነበረበት አይደል? ብዙው ሰው ይበልጥ ጓጓ።

ከላይ በብረት ቅስቶች ላይ የተወጠረ መረብም ተደረገ። ይህቺን ነገር ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ያውቃታል፤ ስህተቱን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ ሲወድቅ የሚቀልበው መጠቅለያ ማልበስ። ኮድ ላይ አንዳንዴ ያዋጣል። እዚህ ግን መጠቅለያው ራሱ ብረት ነው፤ ጀልባው ከተነሣ የሚሄደው ወደ እሱ ነው።

ጁላይ 10 ቀን 2014 ተከፈተ። መጀመሪያ ከ14 ዓመት በታች አይፈቀድም ተብሎ ነበር፤ ያ ቀረና 137 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብቻ በቂ ሆነ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ኦገስት 7 ቀን 2016 ፓርኩ የተመረጡ ባለሥልጣናትን ከነቤተሰባቸው ጋብዞ ነበር። የአንድ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ የ10 ዓመት ልጅ ከፊት፣ ሁለት የማያውቃቸው ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ። ድምሩ ከወሰኑ አላለፈም። ነገር ግን ደንቡ ድምሩን እንጂ ክብደቱ የት እንዳረፈ አይጠይቅም፤ ቀላሉ ፊት፣ ከባዱ ኋላ ሆነ። ጀልባው ሁለተኛው ጉብታ ላይ ተነሣ፣ ልጁ ከብረት ቅስቱ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ሞተ። ሴቶቹም ቆሰሉ።

እስከዚያን ቀን ድረስ በካንሳስ ሕግ እንዲህ ያሉ መጫወቻዎችን ለማስመርመር ፓርኮች ራሳቸው የግል መርማሪ መቅጠር ይችሉ ነበር። በ2017 ሕጉ ሲጠብቅ የልጁ አባት በዚያው ምክር ቤት ቆሞ ባልደረቦቹን «አጽድቁት» አለ። ያን ንግግር ከማድረግ የሚከብድ ነገር አይታየኝም።

በ2018 ሄንሪ፣ ስኩሊና ፓርኩ በወንጀል ተከሰሱ። በፌብሩዋሪ 2019 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉ፤ ክሱን ላጸደቀው ጁሪ መታየት ያልነበረበት ማስረጃ ታይቶ ነበር። ከዚያ አንዱ ስለ መንሸራተቻው ግንባታ ለቴሌቪዥን የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ ተመልካች እንዲጓጓ ተብሎ ድራማ የተጨመረበት፣ ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ያየው። መንሸራተቻው ራሱ ያኔ የለም፤ በኖቬምበር 2018 ከነማማው ፈርሷል።