ጥብቅ የኢሜይል ማረጋገጫ ፖሊሲና የቡድን አድራሻ

ጥብቅ የኢሜይል ማረጋገጫ ፖሊሲ የአንድ ዶሜይን ባለቤት በስሙ የተላከ፣ ትክክለኛነቱ ግን ያልተረጋገጠ ኢሜይል ተቀባዩ ሰርቨር እንዳይቀበለው የሚያሳውቅበት ደንብ ሲሆን፣ የሚታወጀውም እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነው «ዲማርክ» በተባለ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በሁለት ቀደምት ዘዴዎች ላይ ይቆማል፤ «ኤስፒኤፍ» በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ሲዘረዝር፣ «ዲኪም» ደግሞ መልእክቱ በጉዞ ላይ አለመነካቱን እንደ ማኅተም በሚያገለግል ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል።

አንድን መልእክት ለብዙ አባላት የሚያዳርስ የቡድን አድራሻ ግን ሁለቱንም ያፋልሳል። ከቡሬ በያሁ አድራሻ የተላከ መልእክት በርእሱ ፊት «[ፍኖተ ሰላም]» የሚል የቡድን መለያ ቢታከልበት፣ ጭማሪው ጥቂት ፊደላት ብቻ ቢሆንም ፊርማው ይፈርሳል፤ የሚያከፋፍለው ሰርቨርም የያሁ ፈቃድ ስለሌለው ኤስፒኤፍ አይታደገውም። ችግሩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ያሁ፣ በዚያው ወርም ኤኦኤል ጥብቁን ፖሊሲ ሲያውጁ ነው። የሚገርመው ጉዳቱ ለላኪው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ተደጋግመው የሚመለሱት መልእክቶች የተቀባዩ አድራሻ እንደማይሠራ ስለሚያስቆጥሩ፣ ምንም ያላጠፋ አባል ከቡድኑ ሊሰረዝ ይችላል።

የተለመደው መፍትሔ የላኪውን አድራሻ በቡድኑ አድራሻ መተካት ሲሆን፣ ይህም የጸሐፊውን ማንነት ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «አርክ» አከፋፋዩ መልእክቱን ሲረከብ ያገኘውን የማረጋገጫ ውጤት በራሱ ፊርማ አትሞ እንዲያሳልፍ ያስችላል፤ የሚጠቅመው ግን ተቀባዩ ሰርቨር አከፋፋዩን ካመነው ብቻ ነው።